ያልታጠበው ፊልም

ዳንግላ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍተው ያረጁት ጋሽ ይኸነው የፊልሙን ጥቅል ከጣሳ ያወጣሉ፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ይመልሱታል። ጎረቤታቸውን እታለማሁን ፎቶ ያነሷት በዚህ ፊልም ነው። ያኔ ፊልም እስኪያልቅ አይታጠብም ነበርና የቀረውን ለሌላ ደንበኛ አቆዩት። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ግን ደንበኛው ቀረ፤ ፊልም የሚልኩበት የባሕር ዳሩ ማጠቢያ ቤትም ስልክ መሸጫ ሆነ። አሁን እታለማሁ ሞታለች፤ ሌላ ፎቶ የላትም።

ልጇ ይመኙሽ መጣች።

«ጋሼ፣ እናቴን ጣሳ ውስጥ ቆለፉብኝ እኮ! ይክፈቱልኝ እንጂ!»

«ብርሃን ካየች ትጠፋለች፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጋሽ ይኸነው ይህን ለምታነቡ አደራ ብለዋል፦ «ፊልም የሚያጥብ ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ። ጥቅሉን በሰው አልልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»