ሲሚንቶው ሲፈስ ቀለበቱን አልለካሁም

የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ ሐረር ላይ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ዋናው አሠልጣኝ ሻምበል ተሰማ ሦስት ነገር አስረከቡኝ። የኳስ መንፊያ፣ አንድ ካርቶን ፋሻና የፋውል መመዝገቢያ ደብተር። ሻምበል ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተገለሉ፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። «ረዳት አሠልጣኝ ዓይን እንጂ አፍ የለውም» አሉኝ። «ያየኸውን ለእኔ ብቻ ትነግረኛለህ።» እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ኳስ ለሚነፋ ሰውም ደመወዝ ይቆረጥለታል ወይ እያሉ ሰነበቱ። እኔ ግን ሥራውን ወደድኩት። ከልምምድ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ፤ ኳሶቹን አንድ በአንድ አንጥሬ አያለሁ፤ የተጫዋቾቹን ቁርጭምጭሚት በፋሻ እጠቀልላለሁ። ጨዋታ ላይ ማን ስንት ፋውል እንዳለበት ለሻምበል በጣቴ አሳያለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለሜዳችን ሲሚንቶ ተፈቀደ። እስከዚያ የተደለደለ አፈር ነበር፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ሻምበል ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው ስለነበር ሥራውን የተቆጣጠርኩት እኔ ነኝ። ግንበኞቹ ድንጋይ ደልድለው በላዩ ሲሚንቶ አፈሰሱ። ሰሌዳና ቀለበት የተሸከሙትን ምሰሶዎች ግን ማንም አልነካቸውም፤ ዙሪያቸውን ብቻ ለሰኑት። ሻምበል ተመልሰው አዲሱ ወለል ላይ ተንጎራደዱና «ደግ ሠርተሃል» አሉኝ። ያቺን ቃል ለብዙ ጊዜ ስኮራባት ኖርኩ።

ሬድዋን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጀጎል ልጅ ነው። አባቱ አው ዩሱፍ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ «አው» ጀጎል ውስጥ ታላቅ ሰው የሚከበርበት መጠሪያ ነው። ሬድዋን ውርወራ የተማረው እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ በእኔ እጅ ነው። ከእጁ የወጣ ኳስ መረቡን እንጂ ብረቱን አይነካም ነበር።

ሐረር ላይ የሚያሸንፈን ጠፋ። ከድሬዳዋ የሚመጡት ኳሱ እየረዘመባቸው፣ የእናንተ አገር ነፋስ አለው ብለው ይመለሳሉ። እኛም ድሬዳዋ ወርደን ስንሸነፍ ሙቀቱ ነው እንላለን። ሰበብ ያጣ አልነበረም።

ከዚያ ለጠቅላይ ግዛቶች ውድድር አዲስ አበባ ሄድን። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሬድዋን ኳስ የቀለበቱን ፊት እየመታ ተመለሰ። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ውርወራ «አጠረ!» ማለት ጀመረ። በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሬድዋን ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘ። ሁለቱም አጠሩ። ሻምበል ተጫዋቹ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሰው ሲያይ የሚፈራ ልጅ ነው ብለው ከቡድኑ አስወጡት። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሐረር ገባ። ሬድዋን በጀጎል መግቢያ፣ በሸዋ በር ባለፈ ቁጥር ሥራ ፈቶች «አጠረ!» ይሉት ጀመር።

በሳምንቱ ልጠይቀው ወደ አባቱ ሱቅ ሄድኩ። ሬድዋን ጀርባውን ሰጥቶን ወረቀት ይሰፋል፤ ቀና አላለም። አው ዩሱፍ ማስመሪያቸውን ቆዳው ላይ አጋድመው አዩኝ።

«ልጄ የአዲስ አበባው ቀለበት ከፍ ይላል ይለኛል። ሰበብ ነው ብዬ ተቆጣሁት። በአላህ፣ አንተ ንገረኝ፤ የራሳችሁን ለክታችሁት ታውቃላችሁ?»

እንዴታ ልል አፌን ከፈትኩ። ሲሚንቶው ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ከሱቁ በቀጥታ ሜዳው ሄጄ መሰላል አቆምኩና ሜትር ዘረጋሁ። ደንቡ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ነው። የእኛ ሁለት ሜትር ከዘጠና ሆኖ ተገኘ። በወዲያኛው በኩል ያለውንም ለካሁ፤ ያው ነው። ወለሉ ከፍ ሲል ቀለበቱ ባለበት ቀርቷል። መሰላሉ ሥር ተቀመጥኩ። ያንን ልጅ አሳጥሮ መወርወር ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ።

ለሻምበል ነገርኳቸው። እሳቸውም ምሰሶዎቹ ለጥገና ተብሎ እንዲነቀሉና እንዲስተካከሉ፣ ነገሩም በሁለታችን መካከል እንዲቀር አዘዙ። ያሸነፍነው ሁሉ ማታለል ነው ይባላል፣ አንተም ከሥራ ትባረራለህ አሉኝ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ተነሡ። ፈራሁ። ምሰሶዎቹን አስተካከልኩ፣ አፌንም ዘጋሁ። ተጫዋቾቹ ኳስ እያጠረባቸው ብርዱ ነው፣ ሰውነታችን ተሳስሯል ሲሉ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ፋሻ እጠቀልል ነበር።

እንዲህ ሆኜ ዓመት ሞላኝ። አንድ ዓርብ አው ዩሱፍ ከልጃቸው ጋር ከጁምዓ ሲመለሱ ሸዋ በር ላይ ተገናኘን። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ከተቀመጡት አንዱ «አጠረ!» አለ። ሬድዋን አንገቱን ደፋ። አባቱ እኔን አዩኝ። ያን ጥያቄያቸውን አልደገሙትም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሻምበልን ሳላስፈቅድ ለቡድኑ ሁሉንም ተናገርኩ። ከዚያ ሱቁ ሄጄ ለአባትና ለልጅ ደገምኩት።

«በስንት ነው የሚያንሰው?» አለኝ ሬድዋን።

ማስመሪያውን አንሥቼ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትሩን በጣቴ አሳየሁት። ተቀብሎኝ አተኩሮ አየው።

«ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ እጄን ስጠላው ነው የኖርኩት» አለ።

አው ዩሱፍ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አፉ በለኝ፤ እኔም አላመንኩህም» አሉት።

ሻምበል አላባረሩኝም። አንድ ወር ሙሉ አላናገሩኝም፤ ከዚያ አንድ ቀን ጨዋታ መካከል ስለ ፋውል ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው። ሬድዋን እንዲመለስ ራሳቸው ሱቁ ድረስ ሄደው ለምነውታል። አልተመለሰም። እንደ አባቱ ጠራዥ ሆኖ ቀረ። የፋውል ደብተሬ ሲበጣጠስ በቀይ ቆዳ የጠረዘልኝ እሱ ነው፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ በዚያው ሠራሁ።

በእኔ ቦታ ለምትቀመጡ ረዳቶች የምለው ይህን ነው። ወለል በተነካ ቁጥር ቀለበቱን ለኩ። ስታጎድሉ ደግሞ ለአለቃችሁ ብቻ ሳይሆን ለተጎዳው ሰውም በዕለቱ ንገሩት። እኔ ለመለካት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ለመናገር ግን ዓመት ፈጀብኝ። በሬድዋን ዕድሜ ላለ ተጫዋች አንድ ዓመት ብዙ ነው።