ሙሌና ከሞት የተነሳችው የፊልሟ እናት

ጠዋት ስልኬን ስከፍት የሙሉነሽ ፎቶ ከነሻማው ብቅ አለ። ሻማውን አይቼ ልደቷ መሰለኝና «እንኳን ተወለድሽ አንቺ አሮጊት» ብዬ ልልክላት ነበር። ከዚያ ከሥሩ ያለውን «ነፍስ ይማር» አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።

ሙሌ? በቀደም እኮ በስልክ ስትሰድበኝ ነበር!

በመጽሔት አምዴ የምታውቁኝ የሰው ወሬ እንደማይሰለቸኝ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን የራሴን ሰው ላውራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ መርካቶ አብረን ነው ያደግነው። እናቷ ሸማ ተራ ነጠላ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሙሌ ገና ኮረዳ ናት፤ ሱቁን እሷ ያዘችው። ከዚያ ወዲያ ጥርሷን ያየ የለም። አርባው እንዳለፈ እየጎተትኩ ሲኒማ ወሰድኳት። «ከል ለብሳ ሲኒማ ገባች» እንዳንባል በነጠላ ተሸፋፍነን፤ የሸማ ተራ ሐሜት የእኔን ያስንቃላ!

የህንድ ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ቋንቋውን የሚሰማ የለም፣ የማያለቅስ ግን የለም። መጨረሻው ላይ እናትየው ልጇ ክንድ ላይ ሞተች። አዳራሹ ዋይ ዋይ አለ። ትንሽ ቆይቶ ያቺው እናት ከልጇ ጋር እየዘፈነች ገበያ ወጣች። ቲማቲም ስትመርጥ! ከዚያ መብራት በራ።

ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። ከጎናችን ያሉ እትዬ «ምን ይሳነዋል!» ብለው አማተቡ። ሙሌ እያለቀሰች ሳቀች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ታሪክ እንደገና ተሠርቶ እዚያው ሲኒማ ቤት መጣ። በቀለም፣ በአዲስ ተዋንያን። ልብሱ ብትሉ፣ ዘፈኑ ብትሉ! ብቻ በዚህኛው እናትየው ሞተች፤ ሞታም ቀረች።

«ገደሏት እኮ!» ብላ ብድግ አለች ሙሌ። «ደህናውን ፊልም አበላሹት!»

አላስችላት ብሎ ማሽኑ ያለበት ክፍል ድረስ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ፊልም የሚያሳዩት ጋሽ ሽኩር ሳቁባት።

«የፊተኛዋም ሞታለች፣ ልጄ። ያኔ ፊልሙ አንድ፣ ሲኒማ ቤቱ ሁለት። ፒያሳ አንዱን ጥቅል አሳይተው ሲጨርሱ በብስክሌት ይልኩልናል። የዚያን ቀን ብስክሌተኛው ተሳስቶ የመጨረሻውን አስቀድሞ አመጣው። ሰዉ ወንበር ይደበድባል፤ ምን ላድርግ? አሳየሁት። ከእሱ በፊት የነበረው ኋላ ሲደርስ ቀጠልኩበት። አንድ ሰው አማረረ?»

«ጋሽ ሽኩር፣ የእርስዎ ይበልጣል» አለች ሙሌ። «ሠሪዎቹ አላወቁበትም።»

ቀልድ መስሏቸው የባሰ ሳቁ። እኔ ግን ፊቷን አይቻለሁ። እናቷን ሁለተኛ የቀበረች ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካችንን በዚህ ተጨቃጨቅን። እኔ «ሁለተኛው ይሻላል፤ ትወናው፣ ቀለሙ!» ስላት «አንቺ ቀለም ይዘሽ ቅሪ!» ትለኛለች። ሠርግ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ በስልክ። የእኔም እናት ሞተችና ከቀብር ስንመለስ እጄን ይዛ «አሁንስ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። መልሱ ያን ቀን ገብቶኝ ነበር፤ ግን ካመንኩላት ጭቅጭቃችን ሊያልቅብን ነው ብዬ በማግስቱ ሁለተኛውን ማወደሴን ቀጠልኩ።

ሙሌዬ፣ ያ የፊተኛው ፊልም ዛሬ በስልክም ይገኛል። በደንቡ የተቀጠለው ነው፤ እናትየው ትሞታለች። የኛዋን፣ ተነስታ ገበያ የወጣችውን፣ ያየ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያ ሁሉ እልል ያለ ሕዝብ የት ገባ? አንቺ ነበርሽ የቀረሽኝ።

በይ እናትሽ ጋ በሰላም ግቢ፣ እህቴ። የፊተኛው ይበልጣል። ይኸው አመንኩልሽ፣ ረታሽኝ።

አሁን እኔ ከማን ጋር ልከራከር?