ዋስ ያገኘ ጉሮሮ

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ሙቀቱ። የቆቦ ሙቀት ተወልጄ ያደግኩበት ስለሆነ አያስደነግጠኝም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከአርባ ሰው ጋር ሲካፈሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መጠየቄ ነበር። አስተማሪ ነኝ። ተማሪ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላውም ሰው እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። "ና እዚህ፣ መምህር" አሉኝ። መምህር መሆኔን በምን እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። "ኪስህ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ" አሉ። ከሮቢት የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁሉም አያ ይላቸው ስለነበር እኔም አያ አልኳቸው።

የመጋዘኑ ልማድ አዲስ ገቢ ቁራሽ ከቀመሰ በኋላ አገሩንና የማን ልጅ እንደሆነ መናገር ነው። እኔ ተናግሬ ስጨርስ አያ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ወደመጣው ሰው ዞሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም።

"አገርህ ወዴት ነው?"

"መናኸሪያ።"

"መናኸሪያማ የመኪና አገር ነው። ያንተን ነው የጠየቅኩህ።"

"የኔም እሱው ነው፣ አያ። በረንዳው ላይ ነው የማድረው።"

ቤቱም ሰዉም በጦርነቱ ጊዜ ሄደውበታል። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ተሳፋሪ እየጠራ ነው የኖረው። የያዙት መታወቂያ የለህም ብለው ነው። መታወቂያ ለማውጣት ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ደግሞ አልነበረውም። ይህን ሲነግረን እንደ ቀልድ አድርጎ ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ቀን ቀን ጠያቂዎቻችን ምሳ ይዘው ከግቢው ውጭ ይሰለፋሉ። ስም የሚጠራው ጠባቂ ደህና ሰው ነበር፤ ድምፁ ግን ከጢሙ አያልፍም። በዚህ የተነሳ ምሳው ይደበላለቃል። የጎብዬው ሰው ሁለት ቀን ሙሉ የዋጃውን ሰው ምሳ በልቶ፣ ሚስቴ ወጥ መሥራት ለመደች ብሎ ሲደሰት ሰነበተ። እውነቱ ሲታወቅ ከምሳው ይልቅ ደስታው ነው ያሳዘነን።

በሦስተኛው ቀን የመናኸሪያው ሰው ተነስቶ "እኔ ልጥራላችሁ?" አለ። ጠባቂው ዝርዝሩን በደስታ ሰጠው። ብረት በሩ ላይ ቆሞ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አደረገና የመጀመሪያውን ስም ሲለቀው መጋዘኑ ውስጥ የተኛ ሁሉ ተነስቶ ተቀመጠ። "የሮቢት! የሮቢት! የዋጃ፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ያጫውታቸዋል። ዓይናቸውን እየጠረጉ የመጡ ሴቶች ሲስቁ ከውስጥ ይሰማን ነበር። የሚስትን ሳቅ ቤት ሆኖ መስማት አንድ ነገር ነው፤ እስረኛ ሆኖ ከግንብ ማዶ መስማት ግን፣ እንዲያው ምን ልበል፣ ከምሳውም በላይ ያጠግባል። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰሃን አልጠፋም።

እሱን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ሁሉንም አድሎ ሲጨርስ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ካልጠሩት ወደ ማዕድ አይቀርብም። የሚጠሩት ደግሞ አያ ናቸው።

ወር ሊሞላን ሲል አንድ ኃላፊ መጣና የተወሰኑ ሰዎች በዋስ እንደሚፈቱ ነገረን። የመናኸሪያው ሰው ከነሱ ውስጥ አለ። መታወቂያና ቤት ያለው ሰው እስከ ዓርብ ይፈርምለት፤ ካልሆነ ከሌሎች ዋስ ከሌላቸው ጋር ተጭኖ ሩቅ ወዳለ ካምፕ ይሄዳል። ነገራችንን ተመልከቱት። እኔና አያ ዋስ የሚሆን ዘመድ ሞልቶን ዋስትና አልተፈቀደልንም፤ እሱ ዋስትና ተፈቅዶለት ዘመድ የለውም።

እኔ ቶሎ ብዬ ወረቀት ለመንኩ። ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ፤ የሰውን ክብር፣ የአገርን አደራ፣ ምን የቀረኝ ነገር አለ። ኃላፊው የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ሳይጨርስ "ዋስ" ብሎ መለሰልኝ። አያ በዚህ ብዙ ሳቁ። "ሦስት ገጽ ጽፈህ አንድ ቃል መጣልህ። ምርት ማለት ይሄ ነው፣ መምህር?" አሉኝ።

እሳቸውም ግን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ማሽላቸው ወተት የቋጠረበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ግሪሳ ትመጣለች። ግሪሳ ከድንቢጥ አትበልጥም፤ ግን በሺህ ሆና ነው የምታርፈው፤ ጠዋት ካረፈችበት ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ይቀራል። ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ቆሞ የሚጮህባት ሰው ያስፈልጋል። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ ሚስታቸው ብቻዋን ናት፤ የቀጠሯቸው ሰዎችም አልበረከቱም። "ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኛል" ይሉ ነበር አያ።

ረቡዕ ዕለት ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት መጣልኝ። "አያ፣ የሚጮህ ሰው ፈልገው የለም? ይሄው ከጎንዎ ተቀምጦ እየበላ ነው" አልኳቸው።

አያ ጉርሻቸውን አቆሙ። እሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ግሪሳ ተሳፋሪ አይደለም። አንተ የምታውቀው መጥራት ነው፤ እኔ የምፈልገው የሚያባርር ነው።"

"ድምፅ ያው ድምፅ ነው፣ አያ።"

"ወፍ እንዳገሯ ነው የምትጮኸው። የመናኸሪያ ጩኸት ለማሳ አይሆንም" አሉና ወደ ጣሪያው አሻቀቡ። እዚያ ወራጁ ላይ ድንቢጦች ጎጆ ሠርተው ነበር፤ ከነሱ ጋር ነው የታሰርነው። "እስቲ እነዚያን አስነሳና አሳየኝ።"

ሰውየው እጁን ታጥቦ ተነሳ። መሐል ቆመ፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። አርባው ሰው መብላቱን ትቶ ይጠብቃል።

"ወልድያ! ወልድያ! ወልድያ! የሞላ!"

ድንቢጦቹ አንድም ሳይቀሩ በቆርቆሮው ክፍተት ወጡ። የዘመናት የጤፍ አቧራ ወጣችን ላይ ረገፈ። በሩም ተበረገደና ጠባቂዎች መሣሪያቸውን አቀባብለው ገቡ።

"ምንድን ነው? ማነው የጮኸው?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ የተማረ ሰው ዕዳው ይሄ ነው። "ወፍ እያባረርን ነው" አልኩ። በሕይወቴ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ ይህን የሚያህል ሞኝ መልስ የለም፤ እውነት መሆኑ ደግሞ አባሰው።

"የምን ወፍ?"

አያ ከተቀመጡበት ሳይነሱ "እውነቱን ነው፣ ልጄ። ማሽላዬን ለዚህ ሰው አደራ ልሰጥ ስለሆነ እየፈተንኩት ነው" አሉት።

የጠባቂዎቹ አለቃ ጣሪያውን አየ፤ ሰውየውን አየ፤ አቧራ የለበሰውን እንጀራችንን አየ። መሣሪያውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገና "እኛ አገር የሚያስቸግረው ጦጣ ነው" አለ። ወደ በሩ ዞር ብሎ "ነገ ደግሞ ቀስ ብላችሁ አባርሩ" አለንና በሩን ዘግቶ ወጣ። እስኪርቁ በእጃችን አፋችንን ይዘን ቆየን፤ ከዚያ የሳቅነው ሳቅ እስር ቤት ውስጥ የተሳቀ አይመስለኝም።

አያ ግን ጉዳያቸውን አልረሱም። "ማማ ላይ ቀን እንዳትተኛብኝ" አሉት።

"በረንዳ አዳሪ ነኝ እንጂ ቀን ተኝቼ አላውቅም" አለ ሰውየው። አልተቆጣም፤ ግን ቀና ብሎ ነው የተናገረው። አያ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የተናገሩት ነገር የጸጸታቸው ይመስለኛል።

"ከበሬዎቹ ጋጥ ጎን አንዲት ክፍል አለች። እዚያ ታድራለህ። ሲታጨድ ድርሻህን ትወስዳለህ።"

"በር አላት?"

"በርም ቁልፍም አላት።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻውን ስናይ ሁላችንም ሌላ ወሬ ጀመርን።

ሐሙስ አያ ለሚስታቸው በበሩ ክፍተት ነገሯት። ረጅም፣ ጠይም፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ዓርብ ጠዋት መታወቂያዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ኃላፊው ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አውጥቶ ስለነበር ሁሉን ሰማን።

"ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ከየት?"

"ወር ሙሉ በየቀኑ የባሌን ስም በአክብሮት ሲጠራ ሰምቻለሁ። እናንተ እንደሱ አልጠራችሁትም።"

"ቢጠፋስ?"

"ድምፁን ተከትዬ አገኘዋለሁ" አለችና አውራ ጣቷን ለቀለሙ ዘረጋች።

በእኛ ዘንድ የሚፈታ ሰው ፍራሹንም ልብሱንም ለሚቀሩት ትቶ ነው የሚወጣው። እሱ የሚተወው ነገር አልነበረውም። የሚተኛበትን ካርቶን ጥርት አድርጎ አጥፎ ሰጠኝና "የመስኮት ወንበር ነው፣ መምህር" አለኝ። ከአንደኛው ሸሚዝ፣ ከሌላው ጫማ ተሰጥቶት፣ በሩ ላይ ዞሮ ሁላችንንም እጅ ነስቶ ሄደ።

የጠሪነቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። አላማረብኝም፤ የጎብዬው ሰው አሁንም የሌላ ሰው ምሳ አገኘ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው በፌስታል የጠቀለለው ነገር ይዞ ከሰልፉ ወጣ። ጠባቂው "ማንን ነው የምትጠይቀው?" አለው። ሰውየው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም፤ ትንፋሽ ብቻ። ጠባቂው ያሾፈበት መስሎት ሊቆጣ ሲል ለየሁት። የመናኸሪያው ሰው ነው። ጠቁሯል፤ ወፈር ብሏል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ግሪሳ ላይ ሲጮህ ድምፁ ተዘግቷል። እኔ በእሱ ፈንታ የአያን ስም ጠራሁለት።

አያ መጡ። ጠባቂው መዝገቡን ከፍቶ ስም ጻፈ፤ አድራሻ ሮቢት ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ "ዝምድና?" አለ። ሰውየው መሬት መሬቱን አየ።

"ቤተሰብ በል፤ ጻፍ" አሉ አያ።

ጠባቂው ጻፈ። ፌስታሉ ሲፈታ ገና ትኩስ የሆነ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ነው። አያ አንዱን ራስ አንስተው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሙሉ ነበር፤ ወፍ የነካው ፍሬ የለበትም። መዳፋቸው ላይ ፈለፈሉና መጀመሪያ ለጠባቂው ዘረጉለት። "ብላ፣ ልጄ። አንተም ከደጃችን ነው የምትውለው።" ጠባቂው መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ አያ ቢስሚላህ ብለው ቀመሱ፤ እያኘኩ ዓይናቸው ሞላ፤ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ራሳቸው ነገሩን።

አሁን ሁላችንም ወጥተናል። አያ እርሻቸው ላይ ናቸው፤ እኔ ወደ ጠመኔዬ ተመልሻለሁ፤ ስብሰባ ላይም እጄን አወጣለሁ። የዚያን መጋዘን ነገር ሲጠይቁኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ነቀዙ መድኃኒት ልናገር እጀምርና ሳላውቀው ስለ እሸቱ እያወራሁ ራሴን አገኘዋለሁ። ተበድያለሁ፤ ግን በሕይወቴ ለሰው ከጠቀምኩባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ እዚያ ነው የዋለው።

ሰውየው መታወቂያ አውጥቷል። መስከረም በጠባ ቁጥር በየመናኸሪያው በረንዳ ይዞርና ሥራ የሚፈልጉ ሰዎችን ይዞ ወደ ማሳ ይመጣል። የሮቢትና የጎብዬ ገበሬዎች የማን ልጅ ነው ብለው ሲጠይቁት "የኔ ሰው ነው" ይላቸዋል፤ ይበቃቸዋል።

ዘንድሮ በጥቅምት ከወልድያ ስመለስ ሮቢት ጋ የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። ከማሽላው መሐል፣ ከአንዱ ማማ "ደሴ! ደሴ!"፣ ከወዲያኛው "አዲስ አበባ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" የሚል ጩኸት ይመጣል። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሹፌራችን መኪናውን አቀዝቅዞ አንገቱን አወጣና "ተሳፋሪ ነው እንዴ?" አለ።

"አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው፣ ንዳ" አልኩት።