የታፈነው ቀፎ

ሚስቴ ከአባቷ የወረሰችው ሀብት አንድ ቀፎ ንብ ነበር። አማቴ በሞቱ በዓመቱ አንበሳሜ ካለው ጓሯቸው አንስተን ደብረ ታቦር ዳር ወዳለው ቤታችን አመጣነውና ከግብርና ባለሙያው ወደተቀበልነው አዲስ የሳንቃ ቀፎ አዛወርነው። "አደራ፣ ክረምቱን ይሻገርልኝ" አለችኝ። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" የሚባለው ለእኔ ቢጤ ነው፤ በንብ ነገር ማንንም አልሰማም ነበር።

ሐምሌ ብርዱን ይዞ ሲገባ፣ አባቴ የቀርከሃ ቀፎውን ይለስን እንደነበረው እኔም እበትና ጭቃ አቡክቼ የሳንቃውን ስንጥቅ አንድም ሳላስቀር መረግኩት። አልበቃኝም፤ ላስቲክ ጠቀለልኩበት። ለመግቢያ ጣት የምታክል ቀዳዳ ብቻ ተውኩና "አሁን ብርዱ ይምጣ!" ብዬ ፎከርኩ።

በፍልሰታ ጾም በመግቢያው በኩል ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ከሥሩ የሞተ ንብ ተከምሯል። ጆሮዬን ለጥፌ ባዳምጥ ድምፃቸው ደክሟል። ደነገጥኩ። ለሚስቴ መንገር ግን ሞት መሰለኝ፤ ወደ ጓሮ እንዳትሄድ ሰበብ ስፈልግ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ንብ በማርባት ያረጁ ጎረቤታችን "እግር ጥሎኝ ነው" ብለው ብቅ አሉ። ቀፎውን ዞረው አዩት።

"ምነው ልጄ፣ መቃብር ነው የሠራህላቸው?"

"ብርዱ እንዳይፈጃቸው ብዬ ነው፣ አያ።"

"ብርዱንስ ተቃቅፈው ይችሉታል። የገዛ ትንፋሻቸው ነው ውሃ ሆኖ የሚወርድባቸው። የቀርከሃው ቢለሰንም ይተነፍሳል፤ ይሄ ሳንቃ ነው፤ በዚያ ላይ ላስቲክ!"

ላስቲኩን ገፈፉት። ንቡን በጭስ አረጋግተው ክዳኑን በስንጥር ትንሽ ከፍ አደረጉና መተንፈሻ አበጁለት። እርጥበቱን እንዲመጥ ከክዳኑ ሥር ደረቅ ገለባ የያዘ ጆንያ አነጠፉ፤ የቀረው ውሃ እንዲወጣ ቀፎውን ወደ ፊት አዘነበሉት። ዝናቡን እንዲከላከል ከላይ የሣር ክዳን ደፋንበት።

ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በአራተኛው ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ንቦቹ ሬሳ እየጎተቱ ይጥሉ ጀመር፤ ቀጥሎ ጓሮው በድምፃቸው ሞላ። ተመስገን! ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ዞር ስል ሚስቴ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ተናዘዝኩላት።

"ውሃው ሲንጠባጠብ ካንተ ቀድሜ አይቼዋለሁ" አለች። "ሽማግሌውን ማን የላካቸው መሰለህ?"

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?"

እውነቷን ነው። የአባቷ ንብ እስኪያልቅ አልሰማትም ነበር።