ጋን ላይ የተደፋው ድምጽ ማጉያ

ያን እሑድ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድምና የንስሐ አባታችን ነበርን። ትልቁ ልጄ አልነበረም፤ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት አልፎታል። ከቅዳሴ መልስ የተሰበሰብነውም ስለ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ በራዲዮ የወታደሮች ሰላምታ ይተላለፋል፤ ምናልባት ስሙ ይጠራ ይሆናል ብለን።

የራዲዮናችን ድምጽ ግን የታፈነ ነው። የባለቤቴ ወንድም አንድ ጊዜ የእጅ ባትሪ ጠግኖ ስለተሳካለት ራዲዮ ያቅተኛል አላለም። ድምጽ ማጉያውን ከሣጥኑ አወጣ፣ ሽቦውን አስረዘመ፤ ከዚያ አማቴ ለማኅበር ጠላ በወይራ አጥነው ባዘጋጁት ባዶ ጋን አፍ ላይ ደፋው።

«የታጠነ ጋን ድምጽ ያደርቃል» አለ።

«የእኔን ጋን የቀበሌ ጡሩምባ ልታደርገው ነው?» አሉ አማቴ።

እውነቱን ለመናገር ጋኑ ለውጥ አመጣ። ድምጹ ወፈረ፣ ቤቱን ሞላው። ግን ዜና አንባቢው ጉድጓድ ገብቶ የሚጣራ መሰለ። እንዲህ ሆኖ ስም ቢጠራ ማን ይለየዋል? ስለዚህ የባለቤቴ ወንድም የአማቴን የጥጥ ባዘቶ ለምኖ ጋኑ ውስጥ ጠቀጠቀ። አባ ደግሞ «የከበሮ ነገር ለእኔ ተዉት» ብለው ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ አስነጠፉ። በመጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ከኪሱ ምላጭ አወጣ።

«የማጉያውን ወረቀት ዳር ዳሩን ልሰንጥቀው፤ ይተንፍስ።»

ቢቀደድ ልጄን በምን ልሰማው ነው? ተው ብለው ደግሞ ይብስበታል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ባዘቶውን እኔ ላስተካክለው። እያያችሁ ከሆነ ጆሯችሁ ያዳላል፤ ተሸፈኑ» አልኩ።

በየጋቢያቸው ተሸፈኑ። ጋኑን ኳ ኳ አደረግሁና ምንም ሳልነካ ቆምኩ።

«አሁንስ?»

«ኧረ እትዬ! ጠራ እኮ!» አለ ባለምላጩ።

«ቅድም ተከናንቦ ነበር፤ አሁን ራሱን ገለጠ» አሉ አባ።

«አንቱስ እማማ?»

«እንደ ብርሌ ነው።»

ደስ ቢለኝ ባዘቶውን በሙሉ መዝዤ አወጣሁት። ይህንንም «ለሰለሰ» አሉት። ባለቤቴ ብቻ በጋቢው ቀዳዳ ሲያየኝ ኖሯል፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«በል ምላጭህን ኪስህ አስገባ» አለው ወንድሙን። «ከዚህ በላይ ማጥራት ኃጢአት ነው።»

አስገባ።

ሰላምታው ሊጀምር ሲል ድምጽ ማጉያውን ከጋኑ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት። ብዙ ስም ካለፈ በኋላ አንድ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ የራሱን ቤተሰብ ሰላም ብሎ ሲጨርስ የልጄን ስም ከነአባቱ ጠራ። «እሱ ዘብ ስለወጣ እኔ ልንገርለት። እናቱ ደብረ ታቦር ናት፤ ደህና ነው በሏት» አለ። ድምጹ ያው እንደ ድሮው የታፈነ ነበር፤ አንዲት ቃል ግን አላመለጠችኝም።

ልጄ በኋላ በሰላም ገባ። ያ የአንበሳሜ ልጅ ግን ወደ ሌላ ጦር ተዛውሮ ተለያዩ፤ ይግባ አይግባ አናውቅም። የምታውቁት ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆኑን ብቻ ላኩብኝ።