የየኔታ ኩራዝ

ሥራዬ ብርሃን ተቀብላ ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር፣ ሳተላይት ላይ የምትገጠም፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ዕቃ መንደፍ ነው። ስትሳሳ ትፈጥናለች፤ ብርሃኑ ግን ሾልኮ ያመልጣታል። ስትወፍር ብርሃኑን ትይዛለች፤ ግን ትጎተታለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ መላ አጥቼላት፣ በክረምት የቅኔ መምህር የሆኑትን አጎቴን የኔታን ልጠይቅ ዲማ ሄድኩ። ዝናቡ ጎጆዋን በቀን አጨልሟት ኩራዝ በርቷል።

"ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" አሉኝ። ለእናንተ የነገርኳችሁን ነገርኳቸው፤ እንዲያውም በጣም አርዝሜ። የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ማቆም አልችልም። የኔታ በጭራቸው ወደ ኩራዙ ጠቆሙኝ።

በልጅነቴ እሳቸው ዘንድ ቅኔ ጀምሬ ነበርና አውቃለሁ፤ የኔታ በከንቱ አይጠቁሙም። ወርቁን ማውጣት የተማሪው ፈንታ ነው። አፍጥጬ አየሁ። ከኩራዙ ጀርባ የዘይት ቆርቆሮ ተደግፎ ብርሃኑን ወደ እኛ ይመልሳል። ለካ ለዚያች ዕቃዬም ከጀርባዋ መስታወት ባደርግላት፣ ያመለጣት ብርሃን ተመልሶ ይመጣላታል! ጉልበታቸውን ስሜ በዝናቡ ወጥቼ ሮጥኩ።

ንድፉ ሠራ። በዓመቱ ጋቢ ገዝቼ ተመለስኩ።

"የኔታ፣ ያች በኩራዙ ያሳዩኝ ምስጢር..."

"የምን ምስጢር?" አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው። ከዚያ ትዝ አላቸው። "እ! ጋዙ እያለቀ ነው፣ ወሬህን አሳጥር ማለቴ ነበር እኮ።"