የባሌ ጽሕፈት

የባሌን ጽሕፈት ያየ ሰው፣ ማንበብ ባይችል እንኳ ቆሞ ይቀር ነበር። በጣሊያን ጊዜ ደሴ ውስጥ በአረብ ሱቆች በር ላይ የነበረው ጌጠኛ የአረብኛ ጽሕፈት አብዛኛው የእሱ እጅ ነው። አንዷን ፊደል እንደ ሐረግ ይስባታል፣ ሌላዋን ያጎብጣታል። ወላሂ፣ «ስኳር ይሸጣል» ብሎ ሲጽፍ እንኳ ዱዓ ይመስል ነበር።

ከተጋባን ወዲህ ለእኔም ፊደሉን ያስተማረኝ እሱ ነው። አማርኛችንን በአረብ ፊደል፣ ቁርኣን በሚቀራበት ጣውላ፣ በሎህ ላይ ይጽፍና «በይ አንብቢ» ይለኛል። ስሳሳት ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፤ በጥላሸት ቀለሙ አፍንጫውን እቀባዋለሁ።

የተጣላነው የጣሊያኑ ሹም ለመሥሪያ ቤቱ በር እንዲጽፍ አዞት የጻፈ ዕለት ነው። «እምቢ ብል ይተውኛል?» አለኝ። «በዚያ እጅህ ሁለተኛ እንዳትነካኝ!» አልሁት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ልብሴን ቋጥሬ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤታችን ኮምቦልቻ፣ እናቴ ዘንድ ወረድሁ።

እዚያ ንዳድ ጣለኝ። በሦስተኛው ቀን ራሴን አላውቅም ነበር፤ ባሌም የመጣው ያን ዕለት ነው። ወደ አሰብ በሚወርድ ካሚዮን ተሳፍሮ ኖሯል። ሾፌሩ እያጣደፈው ግንባሬን ዳበሰ፣ አንድ ሎህ ራስጌዬ አቆመ፣ እናቴን «ይኼ የእሷ ነው» ብሏት ሮጠ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያን የመሰለ ጽሕፈት ስታይ ሌላ ምን ታስብ? በእኛ አገር ሸሆች ለታመመ ሰው ሎህ ላይ የቁርኣን ቃል ይጽፋሉ፤ ቀለሙ በውሃ ታጥቦ በሽተኛው ይጠጣዋል። «ቢስሚላህ» ብላ አጠበችው። አንዲት ጠብታ ሳታስቀር አጠጣችኝ።

ዳንሁ። «ባልሽ ባመጣልሽ ነው የዳንሽ፣ አልሐምዱሊላህ!» ብላ ባዶውን ሎህ አሳየችኝ። እኔ ግን ባሌን አውቃለሁ፤ ለእኔ ከአማርኛ በቀር ጽፎልኝ አያውቅም። ሎሁን ፀሐይ ላይ ወስጄ አገላበጥሁት። አንድ ጭረት አልቀረም። ከዚያ ጠብ በኋላ የጻፈልኝ ይቅርታ ይሁን ፍቺ፣ አላህ ብቻ ያውቀዋል። ለእናቴ አልነገርኋትም። እንዴት ብዬ!

ደሴ ብወጣ ቤታችን ተዘግቷል። ገራዶ ያሉት ወንድሞቹም የት እንደገባ አያውቁም። እኔ ክፉ ሆኜ ትቼው ሄድሁ እንጂ እሱ ምን በደለኝ!

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ደግ ሰው ሽማግሌ ላከብኝ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት ሸህ ከእናቴ ጋር አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ባልሽ ምን ብሎሽ ሄደ?» አሉኝ። «ፈትቼሻለሁ ብሎ ጽፎልሽ ከሆነ አግቢ። ጠብቂኝ ካለሽ ግን ሚስቱ ነሽ።»

እናቴ አፍ አፌን ታያለች። እውነቱን ብናገር፣ የባሌን ቃል በገዛ እጇ አጥባ እንዳጠጣችኝ ልትሰማ ነው።

«ጠብቂኝ ብሎ ልኮልኛል፣ ሸሁ» አልኋቸው።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። እናቴ «እሰይ! ይመጣል በይኛ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ።